የእርሳስ ቧንቧ በግማሽ ብቻ ተቀይሮ የቀረባችሁ የዋሽንግተን ዲሲ ቤተሰቦች ምን አደረጋችሁ?

የፔትዎርዝ እናት | እሑድ ማታ

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ የዚህ መድረክ ተሳታፊዎች። እኔና ባለቤቴ ከሦስት ዓመት በፊት ፔትዎርዝ በሚባለው የዲሲ ሰፈር በ1920ዎቹ የተሠራ ቤት ገዛን። ስንገዛ ቤቱን የመረመረው ባለሙያ «የውሃ መስመሩ መዳብ ነው» ብሎ በጽሑፍ ስለሰጠን ጉዳዩን ዳግመኛ አላነሣነውም። ባለፈው ወር ሁለተኛ ልጃችንን መፀነሴን ባወቅሁ ሰሞን አንዲት የሥራ ባልደረባዬ፣ የከተማው የውሃ አገልግሎት ዲሲ ዋተር የእያንዳንዱን ቤት የቧንቧ ዓይነት የሚያሳይ ካርታ በድረ ገጹ ላይ እንዳለው ነገረችኝ። አድራሻችንን ሳስገባ ከዋናው መስመር እስከ ግቢያችን ወሰን ያለው መዳብ፣ ከወሰኑ ወደ ምድር ቤታችን የሚገባው ግን እርሳስ መሆኑን አየሁ።

ለማመን ስለከበደኝ ወደ ምድር ቤት ወርጄ በስልኬ መብራት ተመለከትሁት። ቧንቧው ከግድግዳው ከሚወጣበት እስከ መዝጊያው ድረስ አንድ ክንድ ያህል ይታያል፤ መልኩ አመድማ ነው፤ ከመዝጊያው በታች ቀይ ሽንኩርት የሚያህል እብጠት አለው። በሳንቲም ፋቅ ሳደርገው እንደ ብር አበራ። ከማቀዝቀዣው በር ላይ ያነሣሁትን ማግኔት ባስጠጋበት አልያዘም። የአራት ዓመት ልጄ አብራኝ ወርዳ ነበርና «እርሳስ ነው» ስላት የምትጽፍበትን እርሳስ መስሏት «ታዲያ ለምን ጥቁር አልሆነም?» ብላ ጠየቀችኝ። ይህችን ልጅ ሦስት ዓመት ሙሉ ከዚያ ቧንቧ ውሃ ሳጠጣት መኖሬን ሳስብ እንቅልፍ አጣሁ።

ባለቤቴ በመንገዱ በኩል ያለው ከተቀየረ ጉዳቱ በግማሽ ቀንሷል፣ ውሃውም ቧንቧውን የሚሸፍን መድኃኒት ይጨመርበታል፣ ስለዚህ ማጣሪያ ገዝተን እንቀጥል ባይ ነው። ያነጋገርሁት ተቋራጭ ደግሞ በደወልሁለት ቁጥር ሌላ ዋጋ እየነገረ ግራ አጋብቶኛል። በእናንተ ቤት ያለፈ ነገር ካለ፣ ወይም በሙያችሁ የምታውቁት ካለ፣ እባካችሁ ንገሩኝ።

ኬሚስቱ | እሑድ ማታ

እህቴ፣ በመጀመሪያ እንኳን ደስ አለዎት። በውሃ ማጣራት ሥራ ከሃያ ዓመት በላይ አሳልፌአለሁ። የምሠራው በሌላ ክፍለ ግዛት ቢሆንም፣ የዋሽንግተን ታሪክ ሁላችንም የተማርንበት ስለሆነ በዝርዝር ልጻፍልዎ። ዓመቶቹን የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ባለቤትዎ ስለ መድኃኒቱ የተናገሩት እውነትነት አለው፤ ስለ ግማሹ ቧንቧ የተናገሩት ግን ይኸው ከተማ ብዙ ገንዘብ ካፈሰሰበት በኋላ ስሕተት መሆኑን የተረዳው ሐሳብ ነው።

የከተማው ውሃ የሚቀዳው ከፖቶማክ ወንዝ ሲሆን፣ አጣርቶ የሚያቀርበው በአሜሪካ ጦር ሠራዊት የኢንጂነሮች ክፍል ሥር ያለው ዋሽንግተን አኩዳክት ነው። ዲሲ ዋተር፣ በቀድሞ ስሙ ዋሳ፣ የተጣራውን ውሃ ገዝቶ ለየቤቱ ያከፋፍላል። እስከ 2000 ድረስ ተህዋስያንን ለመግደል በመስመሩ ውስጥ የሚጨመረው ክሎሪን ነበር። ክሎሪን በወንዝ ውሃ ውስጥ ካለው የቅጠልና የአፈር ብስባሽ ጋር ሲገናኝ ለካንሰር ያጋልጣሉ ተብለው የሚፈሩ ውህዶችን ስለሚፈጥር፣ እነርሱን ለመቀነስ ሲባል በኖቬምበር 2000 ከክሎሪንና ከአሞኒያ በሚሠራው በክሎራሚን ተተካ። ዓላማው በጎ ነበር። ያልታሰበው ግን በእርሳስ ቧንቧዎቹ ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ለአሥርት ዓመታት የተጋገረው ቅርፊት ነው። ቅርፊቱ ጸንቶ የሚቆየው ጠንካራ ክሎሪን ባለበት ውሃ ውስጥ ብቻ የሆነ የእርሳስ ኦክሳይድ ስለነበር፣ ደካማው ክሎራሚን ሲመጣ መሟሟት ጀመረ፤ ለዘመናት ታሽጎ የኖረው እርሳስም ወደ መጠጥ ውሃው ገባ።

ሕዝቡ ይህን በሰፊው የሰማው ዋሽንግተን ፖስት በጃንዋሪ 31 ቀን 2004 በፊት ገጹ ካወጣው በኋላ ነው። በ2003 ከተፈተሹት ከ6,000 የሚበልጡ ቤቶች ውስጥ ከ4,000 በላይ በሆኑት፣ የፌዴራሉ መንግሥት እርምጃ ይወሰድበት ብሎ ከደነገገው በሊትር 15 ማይክሮግራም የበለጠ እርሳስ ተገኝቷል፤ በ157ቱ ደግሞ መጠኑ ከ300 አልፎ ነበር። የቨርጂኒያ ቴክ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ማርክ ኤድዋርድስ የቧንቧውን ኬሚስትሪ አጥንተው ጉዳዩ እንዳይድበሰበስ ለዓመታት ተሟግተዋል። የፌዴራሉ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል በ2004 ያወጣው፣ በልጆች ላይ የደረሰውን ጉዳት አሳንሶ ያቀረበ ዘገባም በኋላ በምክር ቤት ተመርምሮ ተነቅፏል።

በኦገስት 2004 ውሃው ውስጥ ኦርቶፎስፌት መጨመር ተጀመረ። ይህ ንጥረ ነገር ከእርሳሱ ጋር ተዋሕዶ በቀላሉ የማይሟሟ አዲስ ሽፋን ስለሚሠራ፣ በ2005 የከተማው ልኬት ከ15 በታች ወረደ። ዛሬም ይጨመራል፤ ባለቤትዎ የጠቀሱት መድኃኒት ይህ ነው። ጎን ለጎን ግን ዋሳ በመንገድ በኩል ያለውን የእርሳስ ቧንቧ እየቆረጠ በመዳብ መተካት ጀምሮ ነበር። በግቢ ውስጥ ያለው የግል ንብረት ስለሆነ ባለቤቱ ራሱ ይክፈል ተባለ፤ አብዛኛው ባለቤትም አልከፈለም። እስከ 2008 ድረስ ከ10,000 በላይ ቤቶች የእርስዎን ቤት የመሰለ፣ ግማሹ መዳብ ግማሹ እርሳስ የሆነ መስመር የቀረላቸው በዚህ ምክንያት ነው።

ግማሹን መቀየር ግማሹን ጉዳት አይቀንስም። መጋዙ አሮጌውን ቧንቧ ሲቆርጥና ቁፋሮው ሲያንቀጠቅጠው ቅርፊቱ ይሰነጠቃል፤ ፍርፋሪውም ለሳምንታት፣ አንዳንዴ ለወራት፣ በቧንቧው አፍ ይወጣል። ከዚህ በተጨማሪ መዳብና እርሳስ ውሃ ውስጥ ሲጋጠሙ እንደ ባትሪ ይሠራሉ፤ በመጋጠሚያው ላይ የሚበላው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እርሳሱ ነው። የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ የሳይንስ አማካሪዎች በ2011 ማስረጃውን ሁሉ መርምረው፣ ግማሽ ቅየራ የእርሳስን መጠን በአስተማማኝ ሁኔታ እንደማይቀንስና ለጊዜው ሊያባብሰው እንደሚችል ደምድመዋል። የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከሉ ተመራማሪዎች በዚያው ዘመን የዋሽንግተንን ልጆች የደም ምርመራ መዝገብ ሲያጠኑ፣ በግማሽ በተቀየረላቸው ቤቶች የኖሩ ልጆች ምንም ካልተቀየረላቸው የተሻሉ ሆነው አላገኟቸውም።

ስለዚህ የእኔ ምክር አንድ ነው፦ የቀረው ይውጣ።

ብራይትዉድ 1938 | ሰኞ ጠዋት

የኬሚስቱን ማብራሪያ በአክብሮት አነበብሁት። ነገር ግን የተለየ ሐሳብ ላቅርብ። እኔም በግማሽ የተቀየረ መስመር አለኝ። በነፃ የሚላከውን የመመርመሪያ ጠርሙስ ሦስት ጊዜ ሞልቼ ልኬ፣ ሦስቱም ጊዜ ውጤቱ ከ3 በታች ሆኖ መጣ። ኦርቶፎስፌቱ የሚሠራ ከሆነ፣ ማጣሪያም ካለ፣ አንድ ቤተሰብ በወለድ ተበድሮ አጥር ግቢውን የሚያስቆፍርበት ምክንያት አይታየኝም። በአሮጌ ቤት ውስጥ ከውሃው ይልቅ ልጅን የሚያሰጋው በመስኮትና በበር ጠርዝ ላይ የሚላጠው ከ1978 በፊት የተቀባ ቀለም ነው። ያለን ገንዘብ ውስን ከሆነ መጀመሪያ እሱን ብናስተካክል አይሻልም?

ኬሚስቱ | ሰኞ ጠዋት

ወንድሜ፣ ስለ ቀለሙ ያሉት ትክክል ነው፤ እህታችንም መስኮቶቿን ብታስመረምር መልካም ነው። በውጤቱ ላይ ግን እንዳይተማመኑ እለምንዎታለሁ። ውሃን ቀድቶ መመርመር የሚነግረን በዚያች ሰዓት በዚያ ጠርሙስ ውስጥ የገባውን ብቻ ነው። የሚሟሟው እርሳስ መጠኑ ይብዛም ይነስም በየቀኑ ተቀራራቢ ነው፤ ፍርፋሪው ግን አንድ ቀን ይወጣል፣ ሃምሳ ቀን አይወጣም። በመንገዱ ላይ ከባድ መኪና ሲያልፍ፣ ጎረቤት ሲቆፈር፣ ዋናው መስመር ተሰብሮ ሲጠገን፣ ከዚያ ሽፋን አንድ ቅንጣት ሊነሣና በአንድ ብርጭቆ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ሦስት ጥሩ ውጤቶች አራተኛውን አያረጋግጡም።

የመድኃኒቱም ነገር እንደዚያው ነው። በ2000 የሆነውን ያስቡት፤ ቧንቧው ያው፣ ወንዙ ያው ሆኖ ሳለ አንድ ኬሚካል በሌላ ስለተለወጠ ብቻ ለዘመናት የቆየው መከላከያ ረገፈ። በሚሺጋን ክፍለ ግዛት በምትገኘው በፍሊንት ከተማም በኤፕሪል 2014 የውሃው ምንጭ ሲለወጥ ኦርቶፎስፌቱ ሳይጨመር ቀረና እርሳሱ ወደ መጠጥ ውሃው ሲገባ ዓለም አየ። ኦርቶፎስፌት በየቀኑ ሳይቋረጥ መጨመር ያለበት ጥበቃ ነው፤ ቧንቧውን ያወጣ ሰው ግን በእርሳስ መስመር ረገድ የማንንም ውሳኔ አይጠብቅም።

አዋላጅ ነርስ | ሰኞ ከሰዓት በኋላ

በእናቶችና ሕፃናት ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። የእኅቴን ጽሑፍ ሳነብ በሥራዬ ላይ የሚያጋጥሙኝ ብዙ የአገራችን እናቶች ታወሱኝ። መጀመሪያ እንቅልፍዎን እንዳያጡ፤ የልጅዎ ደም ይመርመር። በዲሲ ሕግ መሠረት እያንዳንዱ ልጅ ከ6 እስከ 14 ወር ባለው ዕድሜው አንድ ጊዜ፣ ከ22 እስከ 26 ወር ባለው ደግሞ ሁለተኛ ጊዜ የእርሳስ የደም ምርመራ ማድረግ አለበት፤ ስለዚህ የቀድሞ ውጤቷ በሐኪሟ መዝገብ ውስጥ ሊኖር ይችላል። አሁን ደግሞ እንደገና እንዲታይላት ይጠይቁ። ከ2021 ጀምሮ ሐኪሞች ክትትል የሚጀምሩበት መጠን በዴሲሊትር ደም 3.5 ማይክሮግራም ነው። ይህ ማለት ከዚያ በታች ያለው ጉዳት የለውም ማለት አይደለም፤ ለልጅ አእምሮ ምንም አይጎዳም የተባለ የእርሳስ መጠን እስከ ዛሬ አልታወቀም።

ለእርስዎም ምርመራ ያስፈልግዎታል። ሰውነት እርሳስን ከካልሲየም ስለማይለየው አጥንት ውስጥ ያከማቸዋል፤ እዚያም ለአሥርት ዓመታት ይቀመጣል። በእርግዝና ጊዜ ለፅንሱ ካልሲየም ሲፈለግ አጥንት የያዘውን ሲለቅቅ እርሳሱም አብሮ ወደ ደም ይወጣና በእትብቱ በኩል ያልፋል። ብረትና ካልሲየም የጎደለው ሰውነት ደግሞ ከውሃው የሚመጣውን እርሳስ አብልጦ ይስባል። በጾም ወቅት ወተትና እንቁላል የምትተዉ ነፍሰ ጡር እናቶች፣ ስለዚህ ጉዳይ ከሐኪማችሁም ከነፍስ አባታችሁም ጋር ተነጋገሩ።

ሕፃኑ ሲወለድ የጡጦ ወተት የምትበጠብጡ ከሆነ በብርቱ ተጠንቀቁ። ለዚያ ሕፃን ውሃው መጠጡም ምግቡም ነው፤ ከሰውነቱ ክብደት ጋር ሲነጻጸር ማንኛውም አዋቂ የማይጠጣውን ያህል ይጠጣል። ማጣሪያ ስትገዙ ዕቃው ላይ ኤን ኤስ ኤፍ 53 የሚል ምልክትና እርሳስን እንደሚያስወግድ የተጻፈበት መሆኑን አረጋግጡ። ውስጡ ያለው የማጣሪያ ክፍል ጊዜው ሲያልፍ ይለወጥ፤ ሙቅ ውሃም አይለፍበት።

እትዬ ከአሌክሳንድሪያ | ሰኞ ማታ

ልጄ፣ እግዚአብሔር በሰላም ይገላግልሽ። እኔ አሁን ከልጄ ጋር ቨርጂኒያ ብኖርም፣ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ሃያ ዓመት ያህል በዲሲ ኖሬአለሁ። አንድ ነገር ልጠይቅ። እኛ አገር ቤት ሳለን ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ በበርሜልና በጄሪካን እንሞላና እናሳድረዋለን፤ ሲያድር ይረጋል፣ ደለሉ ይወርዳል፣ ከዚያ ከላይ ከላይ ተቀድቶ ይፈላል። እዚህም ከመጣሁ በኋላ ለቡና የሚሆነውን ሁልጊዜ አፍልቼ ነው የማቀርበው፤ ጀበናው ቶሎ እንዲፈላ ደግሞ ከሙቁ ቧንቧ እቀዳለሁ። ይህ እርሳሱን አያጠፋውም?

አዋላጅ ነርስ | ሰኞ ማታ

እትዬ፣ ጥያቄዎ ብዙ ቤተሰብ የሚጠቅም ስለሆነ እጅግ አመሰግናለሁ። ማፍላት ተህዋስያንን ይገድላል፤ እርሳስን ግን አያጠፋም። ውሃው በእንፋሎት እየቀነሰ ሲሄድ እርሳሱ እዚያው ስለሚቀር፣ ሦስተኛው በረካ ላይ ሲደርስ የቀረው ውሃ ከመጀመሪያው ይልቅ እርሳስ ሊበዛበት ይችላል። የሟሟ እርሳስ እንደ ደለል አይረጋም። ከሙቁ ቧንቧ መቅዳቱን ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ ይተዉት፤ ሙቅ ውሃ እርሳስን አብልጦ ያሟሟል፣ በማሞቂያው በርሜል ሥር የተከማቸውንም ፍርፋሪ ይዞ ይመጣል። ለቡናም፣ ለአብሲትም፣ ለሊጥም፣ ለሾርባም የሚቀዳው ቀዝቃዛና የተጣራ ውሃ ይሁን።

«ያደረ ውሃ» የምንለው ነገር እዚህ አገር ትርጉሙ ይገለበጣል። የእርሳስ ቧንቧ ባለበት ቤት ከሁሉ የከፋው ሌሊቱን በቧንቧው ውስጥ ቆሞ ያደረው ውሃ ነው። እናቶቻችን ደግሞ የመጀመሪያውን ቡና የሚያፈሉት ማልደው ተነሥተው ነው። ማጣሪያ እስክታገኙ ድረስ ገላችሁን ከታጠባችሁ ወይም ልብስ ማጠቢያው ከሠራ በኋላ፣ ውሃው ከውጭው ዋና መስመር ገና የመጣ ሲሆን ከቀዝቃዛው ቧንቧ ቅዱ።

ቧንቧ ሠራተኛው | ማክሰኞ ማታ

በዚህ ሙያ ውስጥ አሥራ አራት ዓመት ሆኖኛል፤ ከነዚህም ሰባቱን በዚህ ከተማ የእርሳስ መስመር በማውጣት አሳልፌአለሁ። ሰው ሥራውን ስለማያውቀው ከሚገባው በላይ ይፈራዋል፤ ስለዚህ እንዴት እንደሚሠራ ላስረዳ።

አጥር ግቢው ከዳር እስከ ዳር አይታረስም። አንድ ጉድጓድ በእግረኛ መንገዱ አጠገብ ውሃው በሚዘጋበት ቦታ ይቆፈራል፤ አንድ ደግሞ በቤቱ ግድግዳ ሥር ወይም በምድር ቤቱ ውስጥ። በሁለቱ ጉድጓዶች መካከል በታመቀ አየር የሚሠራ፣ እንደ ፍልፈል አፈሩን እየገፋ የሚሄድ መሣሪያ ይለቀቅና ዋሻ ይከፍታል፤ አዲሱ መዳብ በዚያ ዋሻ ይሳባል። ሌላው ዘዴ በአሮጌው ቧንቧ ውስጥ ገመድ አሳልፎ እርሳሱን ጎትቶ ሲያወጡት አዲሱ ተከትሎት እንዲገባ ማድረግ ነው። ድንጋይ ወይም የዛፍ ሥር ካላጋጠመ አብዛኛው ቤት በአንድ ቀን ያልቃል። እህታችን ሽንኩርት የመሰለ ያለችው እብጠት የቀድሞ ሠራተኞች እርሳስ አቅልጠው በጨርቅ እያበሱ የሠሩት መጋጠሚያ ነው፤ እሱን ያየ ሰው ሌላ ምርመራ አያስፈልገውም።

ከቅየራው በኋላ ያለው ሰዓት ከቅየራው እኩል ያስፈልጋል። በየቧንቧው አፍ ላይ ያለችው ትንሽዬ ወንፊት ተፈትታ፣ ከታችኛው ፎቅ ጀምሮ ወደ ላይ የቀዝቃዛው ቧንቧ ሁሉ ተከፍቶ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይፍሰስ። እኔ በገዛ እጄ ከፈታኋቸው ወንፊቶች ውስጥ የስንዴ ቅንጣት የሚያክል እርሳስ አግኝቻለሁ። ለስድስት ወር ያህልም ማጣሪያውን አትተዉ። በቤቱ ውስጥ ዝገት የበላው፣ ዚንክ የተቀባ የብረት ቧንቧ፣ ማግኔት የሚይዘው ዓይነት፣ ካለ ከእርሳሱ የመጣውን ለዓመታት ሲያጠራቅም ስለኖረ እሱም ይለወጥ።

ስለ ዋጋው፣ ተቋራጩ የሚነግርዎትን በቃል አይቀበሉ። የመንገድ ጥገናው፣ የግድግዳው ድፈናና የፈቃዱ ክፍያ ተካትቶ በጽሑፍ ይሰጥዎት፤ ከሦስት ቦታም ይጠይቁ። ከሁሉ በፊት ግን ለከተማው ያመልክቱ። በ2019 ሥራ ላይ የዋለው ሕግ በመንገድ በኩል ያለው ቀድሞ ለተቀየረላቸው እንደ እርስዎ ላሉ ቤቶች ድጋፍ የሚሰጥ ፕሮግራም አቋቁሟል፤ ሲጀመር የወጪውን ግማሽ እስከ 2,500 ዶላር ለማንኛውም ባለቤት፣ ገቢው አነስተኛ ለሆነ ደግሞ ከዚያ የሚበልጥ ይሸፍን ነበር። ዲሲ ዋተር መንገዱን በሙሉ በሚሠራበት ሰፈር ደግሞ ባለቤቱ ወደ ግቢው ለመግባት ፈቃዱን በፊርማ ከሰጠ ቅየራው በነፃ ነው። እኔን የሚያሳዝነኝ ያ ወረቀት ምን እንደሆነ ሳይረዱ፣ ዕዳ የሚያስገባ ውል መስሏቸው የማይፈርሙት የእኛ ሰዎች ቁጥር ነው። ሠራተኞቹ የግራና የቀኙን ጎረቤት ቀይረው የእነርሱን ትተው ሲሄዱ በዓይኔ አይቻለሁ።

ተከራይ ከኮሎምቢያ ሃይትስ | ረቡዕ

ሁላችሁም የጻፋችሁት ለቤት ባለቤት ነው። እኛ ስምንት አፓርታማ ባለበት አሮጌ ሕንፃ ውስጥ ተከራይተን ነው የምንኖረው። ካርታው ላይ እርሳስ ይላል። አከራያችንን ሁለት ጊዜ በጽሑፍ ጠየቅሁት፤ ለሁለተኛው ደብዳቤ የመለሰልኝ «ውሃው ካልተመቸህ ጠርሙስ ውሃ ግዛ» ብሎ ነው። ቧንቧው የእኔ አይደለም፤ መፈረም አልችልም፤ ልጆቼ ግን ከእሱ ይጠጣሉ። ለእንደ እኔ ያለ ሰው ምን አለ?

ከኒው ጀርሲ | ረቡዕ ማታ

ወንድሜ፣ የጠየቅኸው የዚህ ጉዳይ ዋና እንቅፋት ነው። የምኖረው ኒዋርክ አጠገብ ስለሆነ እዚያ የተደረገውን ልንገርህ። የኒዋርክ ነዋሪ አብዛኛው ተከራይ ነው። ከተማው በ2019 ቅየራውን በሰፊው ሲጀምር፣ የባለቤቱን ፊርማ መጠበቅ ሥራውን እንደሚገድለው ስለተረዳ፣ በውስጡ የሚኖረው ሰው በር ከከፈተ ሠራተኞች ገብተው እንዲቀይሩ የሚፈቅድ ደንብ አወጣ። ለባለቤቱም ሆነ ለተከራዩ ክፍያ አልነበረበትም፤ አውራጃው 120 ሚሊዮን ዶላር ተበድሮ ሰጠ። አንድ መንገድ በአንድ ጊዜ እየተዘጋ፣ ቤት ሳይመረጥ፣ ከ20,000 በላይ መስመሮች በሦስት ዓመት ገደማ ወጡ። ከዚያ በፊት እቅዱ ስምንትና አሥር ዓመት የሚፈጅ ነበር።

ማዲሰን፣ ዊስኮንሲን ደግሞ ከሁሉም ቀድማ ከ2001 ጀምሮ በአሥር ዓመት ገደማ የእርሳስ መስመሮቿን በሙሉ አውጥታለች። እዚያ ኦርቶፎስፌት ያልተመረጠው ፎስፈረሱ በከተማይቱ ሐይቆች ላይ አረም ያበዛል ተብሎ ስለተፈራ ነበር። ባለቤቶች በግቢያቸው ያለውን እንዲቀይሩ በደንብ ተገደዱ፤ ከወጪው ግማሹ እስከ 1,000 ዶላር ተመለሰላቸው። በወቅቱ ብዙ ሰው አጉረምርሟል። ዛሬ ሌሎች ከተሞች ሲጨነቁ እነርሱ ጨርሰዋል።

ለአንተ የሚሆነው፣ የዲሲው ሕግ አከራይ የእርሳስ መስመር መኖሩን ለሚከራየው ሰው እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። በ2024 የጸናው የፌዴራል ደንብም የውሃ አገልግሎቶች የቧንቧ መዝገባቸውን ይፋ እንዲያደርጉና ከዚያ መስመር ለሚጠጣ ሁሉ፣ ለተከራይም ጭምር፣ በደብዳቤ እንዲያስታውቁ አዝዟል። በዚያው ዓመት በኦክቶበር የወጣው ደንብ ደግሞ አብዛኞቹ ከተሞች መስመሮቹን በአሥር ዓመት ውስጥ እንዲያወጡ፣ እርምጃ የሚወሰድበትም መጠን ከ15 ወደ 10 እንዲወርድ ወስኗል። ለዲሲ ዋተር ራስህ ደውል፤ የመመርመሪያ ጠርሙስ ተከራይም መጠየቅ ይችላል። በ2004 በወጣው የዲሲ የቋንቋ ሕግ የከተማው መሥሪያ ቤቶች አማርኛን ከሚያስተናግዷቸው ቋንቋዎች አንዱ ስላደረጉት፣ አስተርጓሚ ለመጠየቅ አትፈር። ሌሎቹን ሰባት ተከራዮች ደግሞ አስፈርምና በአንድ ደብዳቤ ለአከራዩ ጻፉ፤ የአንድ ሰው ቅሬታና የስምንት ቤተሰብ ቅሬታ እኩል አይሰማም።

ከአዲስ አበባ | ሐሙስ

ውይይቱን ከአገር ቤት ሆኜ እየተከታተልሁ ነው። እኛ ዘንድስ ያሳስበናል ወይ?

ቧንቧ ሠራተኛው | ሐሙስ

እኔ አዲስ አበባ ሳለሁ የሠራሁባቸው ቤቶች መስመር ዚንክ የተቀባ ብረት ነበር፤ ኋላም ፕላስቲክ መጣ። እንደዚህ ያለ የእርሳስ ቧንቧ አንድም ቀን አላጋጠመኝም። ሆኖም ርካሽ የነሐስ ቧንቧ አፍና መዝጊያ ውስጥ እርሳስ ሊኖር ስለሚችል፣ ሌሊቱን የቆመውን የመጀመሪያውን ውሃ ለመጠጥ አለማዋል እዚያም ይጠቅማል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ውሃን ማፍሰስ ከባድ መሆኑን አውቃለሁና ለዕቃ ማጠቢያ ይዋል።

የፔትዎርዝ እናት | ከአምስት ሳምንት በኋላ

ለሁላችሁም ምስጋናዬ ከልብ ነው። ባለቤቴ የኬሚስቱን ጽሑፍ ከእኔ ጋር ሁለት ጊዜ አነበበው፤ ከዚያ በኋላ ማመልከቻውን የሞላው እሱ ራሱ ነው። የልጄ የደም ውጤት 2.1 ሆነ። ሐኪሟ ከስድስት ወር በኋላ እንደገና እናያለን ብላለች። የእኔም ውጤት ዝቅተኛ ነው፤ የብረት ክኒን ተጨምሮልኛል።

ቅየራው ትናንት ተደረገ። ሠራተኞቹ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ መጥተው ከቀትር በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጨረሱ። ከእርሳሱ ስንዝር የምታህል ቁራጭ ቆርጠው አሳዩኝ። ክብደቷ ያስገርማል፤ ስትይዟት እጅን ወደ ታች ትጎትታለች። ውስጧ እንደ ኖራ ነጣ ያለ፣ በአንድ በኩል የተላጠ ሽፋን አለው። በመዳቡ መጋጠሚያ በኩል ያለው ጫፍ ግን ከሌላው ይልቅ ተቦርቡሮ ስስ ሆኗል፤ ኬሚስቱ ስለ ባትሪው የጻፉት በዚያች ቅጽበት ገባኝ። ሠራተኛው ልጄ እንዳትነካው ብሎ በፕላስቲክ ጠቅልሎ ወሰደው፣ እኔንም እጄን በሳሙና እንድታጠብ ነገረኝ። ማታ ሁሉንም ቧንቧ ለአርባ ደቂቃ አፈሰስን። ማጣሪያው አሁንም ጠረጴዛው ላይ ነው።

ከግራችን ያሉት አዛውንት ባልና ሚስት ኢትዮጵያውያን ናቸው። መስመራቸው በሁለቱም ወገን እርሳስ ነው፤ ፈቃድ የሚጠይቀው ደብዳቤ ደርሷቸው ሳይከፈት በመሳቢያ ውስጥ አስቀምጠውት ነበር። ጋሼ ከእኔ ጋር እያንዳንዱን መስመር አንብበው ባለፈው እሑድ ፈርመዋል።

ተከራይ ከኮሎምቢያ ሃይትስ | በዚያው ቀን

እንኳን ለዚህ አበቃችሁ። እኛም ስድስት ፊርማ አሰባስበናል፤ ሁለት ይቀሩናል። ደብዳቤውን በእንግሊዝኛ አስተካክሎ የሚጽፍልን ሰው ግን አላገኘንም። እህቴ፣ ያስቸግርሽ ይሆን?

የፔትዎርዝ እናት | በዚያው ቀን

ምንም አያስቸግረኝም። ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ቤት ነኝ። ካርታው ላይ ያለውን የሕንፃችሁን ገጽ አትመህ፣ አከራዩ የመለሰልህንም መልእክት ይዘህ ና።